ለማተሚያ ቤቱ፦ የዩክሬኑን ባሌት "የሩሲያ ባሌት" ብላችሁ ስላተማችሁብን

ጤና ይስጥልኝ። ይሄን በቴሌግራም የምልከው ሱቃችሁ መጥቼ ስናገር "ሥራ አስኪያጁ የሉም፣ በጽሑፍ አስቀምጪልን" ስለተባልኩ ነው፣ እሺ፣ ይኸው በጽሑፍ። ትንሽ ይረዝማል ግን ሥራ አስኪያጁ እስከመጨረሻው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል፣ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ቅሬታዬን "ፎቶ ተቀይሮባታል" ብላ ነው የመዘገበችው፣ ነገሩ ግን በዛ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

የእስክስታ ልጆች አሰለጥናለሁ። ልጆቹ ስለ ዩክሬን ባሌት ዳንሰኞች ቅዳሜ ከሰዓት ላቀረቡት ዝግጅት 3 በ2 ሜትር ባነር አዘዝኳችሁ፣ ቀብዱን ከፈልኩ፣ ጽሑፉንም ፎቶውንም ላኩ፣ ዲዛይነሩ "ደርሶኛል" ብሎ መልሶልኛል፣ ስክሪንሾቱ አለኝ። ጽሑፉ "ከጦርነት የወጡ ዳንሰኞች፦ ዩናይትድ ዩክሬኒያን ባሌት" የሚል ነበር፣ ፎቶው ደግሞ ዳንሰኞቹ መድረክ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ባንዲራቸውን ይዘው የቆሙበት። እናንተ አትማችሁ ያስረከባችሁን ግን "የሩሲያ ባሌት ምሽት" ይላል። ዝግጅቱ እኮ በ9 ሰዓት ነው፣ ምሽቱን ከየት አመጣችሁት? ማታ ባጃጅ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ማን ምሽት ዝግጅት ያዘጋጃል?

ዲዛይነሩን ስደውልለት ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "የላክሽው ፎቶ ሲተልቅ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ጉግል ላይ ባሌት ብዬ ፈልጌ ቆንጆውን አስገባሁልሽ፣ ያው ባሌት የሩሲያ አይደል እንዴ፣ ርዕሱንም ከፎቶው ጋር እንዲሄድ አስተካከልኩት"። ፎቶው ቢደበዝዝ አንድ ስልክ መደወል ያቅታል? ርዕስ እንዲያስተካክልስ ማን ጠየቀው? ደሞ ባሌት የሩሲያ ነው ለሚለው፣ ዩክሬኖቹ የደነሱት ጂዜል የሚባለው ባሌት እ.ኤ.አ. በ1841 ፓሪስ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው።

ቆንጆ የተባለው ፎቶ ሞስኮ ያለው የቦልሾይ ትያትር ህንጻ ነው፣ ፊት ለፊቱ ስምንት አምድ የተሰለፈበት፣ ጣራው ላይ አራት ፈረሶች የሚጎትቱት ሰረገላ ያለበት። ከዛ ሁሉ ፎቶ መሀል እሱን መርጦ ማውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል፣ ምክንያቱም ለነዚህ ዳንሰኞች ጂዜልን ያዘጋጀላቸው አሌክሲ ራትማንስኪ ኪየቭ ያደገ ሰው ነው፣ እና እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 የዚያው የቦልሾይ ባሌት ኃላፊ ነበር። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ዩክሬን ሲገባ ሰውየው እዛው ሞስኮ ነበር፣ ቦልሾይ ውስጥ አዲስ ሥራ እያዘጋጀ፣ ሥራውን እንዳለ ጥሎ ነው ሩሲያን ለቆ የወጣው። ጥሎት የሄደውን ህንጻ እናንተ አምጥታችሁ የልጆቹ ባነር ላይ ለጠፋችሁት!

ዳንሰኞቹስ እነማን ናቸው ካላችሁ ከኪየቭ፣ ከካርኪቭ፣ ከኦዴሳ ትያትር ቤቶች በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው። ኔዘርላንድ ሔግ ከተማ ውስጥ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ባዶ የቀረ ህንጻ ተሰጥቷቸው እዛው እያደሩ እዛው ተለማመዱ፣ ትመራቸው የነበረችው ኢጎኔ ደ ዮንግ የምትባል የኔዘርላንድ ብሔራዊ ባሌት ዋና ዳንሰኛ የነበረች ሴት ናት። ያኔ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ከዩክሬን እንዳይወጣ ተከልክሎ ስለነበር ወንዶቹ ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ አስፈልጓቸዋል። መስከረም 2015 ለንደን ኮሊሲየም ትያትር ቤት ጂዜልን አቀረቡ፣ በዛው ሰሞን የኪየቭ ብሔራዊ ኦፔራ ዳንሰኛ የነበረው ኦሌክሳንድር ሻፖቫል ዶኔትስክ ግንባር ላይ ተገደለ፣ ዳንሱን ትቶ በፈቃዱ የዘመተ ሰው ነው። ከዛ አውስትራሊያ፣ ከዛ ዋሽንግተን ኬኔዲ ሴንተር፣ እንዲህ እያሉ ዞሩ። እነዚህን ሰዎች ነው "የሩሲያ" ያላችኋቸው።

ባህር ዳር ቁጭ ብለሽ ስለዩክሬን ምን አገባሽ የሚል አይጠፋም፣ ካውንተር ላይ ቆሞ ካርድ የሚያሳትም አንድ ሰውዬም ሳቅ እያለ ብሎኛል። ከማሰለጥናቸው ልጆች ከሰፈራቸው ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉ አሉ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያሳለፍነውን ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ሱቃችሁ ፋይል በፍላሽ ብቻ ይቀበል የነበረ ጊዜ አብረን አይተናል። ስለነዚህ ዳንሰኞች ሳወራላቸው አንዱ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለዳንሱ አይደለም፣ "የት ነው ሚያድሩት?" ነው ያለኝ። ለዛ ልጅ ነበር ባነሩ።

እንግዲህ በዕለቱ ምን ሆነ፣ ሐይቁ ዳር ያለው አዳራሽ ወለል ላይ ባነሩን ስንዘረጋው ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ እጃችንን አጠቆረን፣ በግራ በኩል ደሞ የገመድ ቀለበት ጭራሽ አልተመታለትም። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩታል። ወላጆች መግባት ጀምረዋል፣ ሌላ የማሳተም ጊዜ የለም፣ ገልብጠነው ነጩ ጀርባ ላይ በማርከር ርዕሱን ጻፍንና ግራውን በምስማር በስተን በሲባጎ አሰርነው፣ ከጣና የሚመጣው ንፋስ በመስኮት በገባ ቁጥር ይገለበጥና ቦልሾይ ብቅ ይላል። አንድ አባት "ሩሲያ ስፖንሰር አርጓችሁ ነው?" ብለው ጠየቁኝ፣ ምን ልበላቸው?

ይሄም ሳያንስ ያንኑ ባነር "አዲስ ሥራችን" ብላችሁ ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ፖስት አርጋችሁታል፣ ከሥር የልጆቹ ክበብ ስም አለ። ሰው እየደወለ የሩሲያ ፕሮግራም መቼ ነው እያለ ነው። በዚህ ሰዓት ስም ከእንዲህ ዓይነት ነገር ጋር መያያዙ ለኛ ቀልድ አይደለም።

የምፈልገው ይሄ ነው። ፖስቱን ዛሬውኑ አጥፉ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ እንደሆነ ሁለት መስመር ጻፉ፣ ቻናሉን የሚያየው ሰው እንዲያውቀው። ባነሩን በላክሁት ጽሑፍና ፎቶ በነጻ አትሙልኝ፣ ዝግጅቱን ልጆቹ በድጋሚ ሊያቀርቡት ነው። ፎቶው ከደበዘዘባችሁ ደውሉልኝ፣ ትልቁን ፋይል በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። ቀሪው ክፍያ ትክክለኛው ባነር እጄ ሳይገባ አይከፈልም፣ ማተም አንችልም ካላችሁ ደሞ ቀብዱን በቴሌብር መልሱልኝ፣ ቁጥሬ ትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ አለ። ከዲዛይነሩ ጋር ጸብ የለኝም፣ ልጁ ፈጣን ነው ሥራም ይችላል፣ ግን ደንበኛ ያዘዘውን ጽሑፍ ከመቀየሩ በፊት ናሙናውን ልኮ እሺታ እንዲቀበል እርስዎ ይንገሩልኝ።

የባነሩን ፎቶ በሁለቱም ጎኑ አያይዣለሁ። መልሳችሁን እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ።