ደረትሽ ውስጥ ያለው ሽቦ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የለገጣፎ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ከትናንት ወዲያ "ሽቦ ረስተውብኛል" እያልሽ ስታለቅሺ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውልም እምቢ አለ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ታናሼ ያንብብልሽ።

ቡና ላይ ራጁን ያሳየሻቸውን ጎረቤቶችሽን አልቀየምም። ደረት መሃል የተደረደረ ጥምዝ ሽቦ ሲያዩ ሌላ ምን ይበሉ? ግን አልተረሳም። ለልብ ኦፕራሲዮን የደረት አጥንት በመጋዝ ለሁለት ይከፈላል። ሲያልቅ አጥንቱ እንዲገጥም በማይዝግ ሽቦ ይታሰራል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ቦታ። ካላስቸገረ አይወጣም። አብሮሽ ይኖራል። ይህን ያኔ ቁጭ አድርጎ የነገረሽ ሰው አለመኖሩ ያናድደኛል። እኔም ጭምር አልነገርኩሽም።

ምንም አይረሳም ብዬ ግን አልዋሽሽም። ውሎዬ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ጎዝ፣ ደም የምንጠርግበት ስስ ጨርቅ፣ ነው። ደም ሲጠጣ ሥጋ ይመስላል፤ ከልብ ጀርባ ከተወሸቀ ዓይን አያገኘውም። ለዚህ ነው ደረቱ ሳይከፈትም፣ ሳይዘጋም ለሁለት ሆነን ጮክ ብለን የምንቆጥረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ቅጽም ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ የቆጠራው ውጤት በአፍ እንዲነገር ይላል።

አንዴ፣ ደብቄሽ ነው እንጂ፣ ከ40 ጎዝ 39 መጣብኝ። ሐኪሙ ሽቦውን ይዞ ቆሟል። "እንደገና ቁጠሪ" አለኝ። አሁንም 39። ባልዲውን ገለበጥን፣ ቆሻሻውን በረበርን። ላቤ ማስኬ ውስጥ ይወርዳል። ለካ ሁለት ጎዝ በደም ተጣብቀው አንድ መስለው ነበር! እጄ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

ቆጥሮም የሚሳሳት ስላለ ጎዙ ውስጥ ራጅ ላይ የሚታይ ክር ይሠራበታል። ቢረሳ የተጨማደደ ክር ሆኖ ይታያል እንጂ እንዲህ መሃል ለመሃል ተሰልፎ አይቀመጥም። ታናሼ በቴሌግራም የላከልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። 7 ቋጠሮ። እዚህ ላለ የራጅ ሐኪምም አሳየሁት፤ "የእናትሽ አጥንት ጥሩ ታስሯል" አለኝ።

አሁን ራጁን ከፍራሽ ሥር አውጪው፣ ይታጠፍብሻል። ለቀጠሮሽ ይዘሽው ሂጂ። ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ጠባሳው ፈሳሽ ካወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ጎረቤቶችሽን ጥሪልኝ፤ ቡናውን ግን እኔ ሳልደርስ እንዳታፈዪ።

ልጅሽ