ፉል ስቶፕ ፍለጋ፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ፈተናና ዝናብ ካስቀሩት ቀናት በስተቀር በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቧል። መስከረም መጨረሻ ላይ ስንጀምር 34 አባላት ነበርን፤ ሰኔ ላይ 21 ቀርተናል። ካቋረጡት ብዙዎቹ ክርክርና ንግግር ፈልገው የመጡ ነበሩ። እኔ ግን ጽሑፍ አመጣሁባቸው።

ምክንያት ነበረኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ምርጫ በመሆኑ፣ አንድ ተማሪ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ እንግሊዝኛን በጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሥራ ማመልከቻ ጻፍ ሲባል ይቸገራል።

የመጀመሪያው ሥራ “መስቀልን እንዴት አሳለፋችሁ?” የሚል አንድ ገጽ ነበር። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ገጹን ሙሉ በአንዲት ፉል ስቶፕ (በእኛ አራት ነጥብ) ዘጋው፤ እሷም የመጨረሻው መስመር ላይ ነበረች። “ኤንድ” (እና) የሚለውን ቃል ብቆጥረው 17 ጊዜ ገብቷል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የሚያስበው በአማርኛ ነው። አማርኛ “ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ወደ አያቱ ቤት ሄደ” ብሎ አራት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ይይዛል። እኛም ማሰሪያው ግስ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ መጠበቅ ለምደናል። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ማን ምን እንዳደረገ ገና ከመነሻው ማወቅ ይፈልጋል።

ስለዚህ እርሳስ አነሳን። ከአድራጊው ስር አንድ መስመር፣ ከግሱ ስር ሁለት መስመር። አዲስ አድራጊና አዲስ ግስ በመጡ ቁጥር “ይህ ብቻውን ይቆማል?” ብለን እንጠይቃለን፤ የሚቆም ከሆነ ፉል ስቶፕ። ኮማ ለብቻዋ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ማሰር እንደማትችል ለማሳመን ግን እስከ ኅዳር ድረስ ተሟግተናል። የዚያ ልጅ ገጽ በመጨረሻ 14 ዓረፍተ ነገር ወጣው። ለክፍሉ ሲያነበው እንደ ቀድሞው ትንፋሽ አላጠረውም።

“ኧ” እና “ዘ” የት እንደሚገቡ ለማስረዳት መጽሐፉ የሰጠውን ሕግ ትቼ ተረት አስተረትኳቸው። “አንድ ጅብ ነበረ። ጅቡ አንድ ቀን አህያ አገኘ።” መጀመሪያ ሲመጣ “አንድ ጅብ”፣ ከታወቀ በኋላ “ጅቡ”። ከቃሉ መጨረሻ የሚለጠፈውን የእኛን “ኡ” እንግሊዝኛው ነጥሎ ከፊት ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ተረቱ ሁሉንም አይሸፍንም፤ እኛ “ፀሐይ” ብለን የምንተወው በእንግሊዝኛ “ዘ” ይፈልጋል፣ አባይም ወንዝ ስለሆነ ይፈልጋል፣ ኢትዮጵያ ግን አትፈልግም። ቢሆንም ከጅቡ በኋላ የስህተቱ ቁጥር በግልጽ ቀንሷል።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ልጆቹ ትልቁን ፊደል እንደ ማዕረግ ይሰጡታል። አንዲት ተማሪ “እናቴ” ባለች ቁጥር እናትን በትልቅ ፊደል ጀመረች። ሳርምባት “እናትን በትንሽ ፊደል መጻፍ ከበደኝ” አለችኝ። እናቷን እንደ ስም ስትጠራት ትልቁ ፊደል ትክክል መሆኑን፣ “የእኔ” የሚለው ቃል ከፊት ሲገባ ግን እንደማይሆን አሳየኋት። የተስማማች አልመሰለኝም።

አድራጊው “እሱ” ወይም “እሷ” ሲሆን በግስ መጨረሻ የምትጨመረው “ስ” አሁንም ትረሳለች። ነገሩ ያስገርማል፤ አማርኛ ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእሱና ለእሷ ግሱን እየለዋወጠ ሲያስለፋን ኖሮ፣ እንግሊዝኛ በአሁን ጊዜ የጠየቀን አንዲት ፊደል ብቻ ነው። “ዲስከስ” (ተወያየ) ከሚለው ግስ ኋላ “ስለ” የሚለውን ቃል መጨመርም አልቀረም። እሱን እንኳ ከእኛ ከመምህራኑ ነው የለመዱት።

በየካቲት የንባብ ዝግጅታችን አንዲት የውጭ አገር መምህርት ጋብዘን ነበር። ደብዳቤውን ተማሪዎቹ ጻፉ፤ እኔ ሦስት ጊዜ አረምኩት። ኮማው፣ “ዘ”ው፣ ትልቁ ፊደል ሁሉ በቦታው ነበር። ዝግጅቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ስለነበር “በ8 ሰዓት” ብለን በእንግሊዝኛ ጻፍን። እንግዳችን በእሳቸው 8 ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል በሩ ላይ ደረሱ። ስድስት ሰዓት ሙሉ በቤተ መጻሕፍታችን ሲያነቡ ቆዩ፤ ሻይ ሲቀርብላቸውም ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ያ ደብዳቤ ዛሬ በክበቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሰዓቱ በቀይ የተከበበው በተማሪዎቹ እጅ ነው።

አፖስትሮፊን፣ ከፊደል በላይ የምትንጠለጠለውን ምልክት፣ ዘንድሮ አልደረስንበትም፤ ለመስከረም ተላልፏል። የአባላት ደብተሮች በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ስላሉ፣ ክረምቱ ሳይገባ መጥታችሁ ውሰዱ።