ልጄ፣ ሳትጽፍ ዋጋ አትጥራ

ልጄ፣ እንደምን አለህ? ስልክ አላነሳ ስላልክ ነው በቴሌግራም የምጽፍልህ። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዝም ልል ነበር፣ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። አዘዞ ኪችን ካቢኔት የምትሠራላት ሴትዮ እህት ማኅበርተኛዬ ናት፣ ረስተኸዋል መሰለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጅሽ በስልክ አንድ ዋጋ ነገራት፣ ሥራው ግማሽ ሲደርስ ሌላ ዋጋ አመጣባት» አለችኝ። የያዝኩት ጠላ አልወረደልኝም።

እንደማታጭበረብር አውቃለሁ፣ የወለድኩህ እኔ ነኝ። ፎቶ አይተህ ዋጋ ጠርተህ፣ ቤቱ ስትደርስ ግድግዳው ጠማማ ሆኖብህ፣ ቦርዱ ካሰብከው በላይ ፈጅቶብህ ነው። ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ሰው የሚይዘው መጀመሪያ ያልከውን ነው። ሳትለካና ሳትጽፍ ዋጋ አትጥራ። ስንቴ ልንገርህ?

አባትህ «ተይው፣ እየሠራ ይማራል» ይላል። እሱ መቼም ሰው አይናገር። የሆቴሉን ጉዳይ ልጅ ስለነበርክ በደንብ አታውቀውም። ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል ተብሎ በርና ቁም ሳጥን ሊሠራ ተስማማ። ባለሆቴሉ እዚሁ ቤታችን ቡና እየጠጣ «በእኔና በአንተ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል» አለ። አባትህም እርሳሱን ከጆሮው አወረደና ዋጋውን ኮምፔርሳቶ ቁራጭ ላይ ጻፈ። ውሉ ያ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኞቹ ኮላ አቡክተውበት አረፉ። ከዚያማ ምን ልበልህ፤ «አንድ መሳቢያ ጨምርልኝ፣ ምን አላት»፣ «ቫርኒሹን ድገምልኝ»፣ «መስተዋቱም እኮ በንግግራችን ነበር»። ቁልፉንም ማጠፊያውንም ከኪሱ ገዛ። ጥምቀት ደርሶ ሆቴሉ በእንግዳ ሲሞላ የእኛ ሠራተኞች ደሞዛቸውን ገና አላገኙም። ለእነሱ ብሎ ፕላነሩን ሸጠ፣ ከዚያ በኋላ በር ሁሉ በእጅ መላጊያ ነበር የሚልገው። ትከሻው የዚያን ጊዜ ነው የታመመው፣ ለሐኪም ግን «ዕድሜ ነው» ይላል። አሁንም አራዳ ላይ ሰውዬውን ሲያገኘው ቆሞ ሰላም ይለዋል። እኔ አልለውም።

ስለዚህ ልብ ብለህ ስማኝ። ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ለመንግሥት ቢሮ ብቻ አይደለም፣ ለጎረቤትም ይጻፋል፣ ለዘመድማ ይብሳል። ቤቱ ድረስ ሂድ። ካቢኔቱ የሚገባበትን ስፋት ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ለካና ትንሹን ያዝ። «ካቢኔት» ብለህ አትለፈው። ቦርዱ ኤምዲኤፍ ይሁን ቺፕውድ፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ይሁን 16፣ ማጠፊያው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መሳቢያው ስንት እንደሆነ በቁጥር ጻፍ። ቦርዱንም በካሬ አታስላ። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነውን ሙሉውን ነው የምትገዛው፣ አራት ተኩል የሚፈጅ ሥራ የአምስት ያስወጣሃል፣ ቁራጩን ማንም አይገዛህም። የእጅ ዋጋህን፣ የመኪናውንና የመግጠሚያውን ለየብቻ አስቀምጥ። ቫት ተመዝጋቢ ከሆንክ 15 በመቶው ውስጡ መሆን አለመሆኑን ግለጽ። የማትሠራውንም ጻፍ፤ የመብራት መስመርና የግድግዳ ጥገና ያንተ ሥራ አይደለም።

ኤምዲኤፍ ስትቆርጥ ደግሞ ማስክ አድርግ። ያ ሳልህ በስልክም ይሰማኛል።

ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና ሳትጽፍ ወረቀት አታውጣ። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ በሰኔ ዋጋ ቃል የገባ ሰው በነሐሴ ምን ይዋጠው? ለ10 ቀን ካልክ፣ በ11ኛው ቀን የሚመጣ ሰው አያኮርፍህም፣ ወረቀቱ ተናግሮልሃል። ቀብድም ስጦታ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደሚለው ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። አንተ ተቀባይ ነህ። እንዳትበላው፣ ዕቃ ግዛበት።

አይዞህ የኔ ጌታ። እጅህ ከአባትህ ይበልጣል፣ ይህን ለእሱ እንዳትነግረው። ግን እጅህ ቢያምር አፍህ እየቀደመህ ነው። ሳትለካ፣ ሳትጽፍ ዋጋ አትጥራ።

ነገ ጠዋት ሜትርህን ይዘህ ሴትዮዋ ቤት ሂድ። በስልክ ያልካትን ዋጋ አክብርላት፣ ኪሳራው ያንተ ነው። በኋላ ላስጨመረችው ብቻ አዲስ ወረቀት ጻፍና አስፈርማት። ከመስጠትህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ድምሩን እኔ ልየው፣ ሒሳብ ከድሮም ይበልጥሃል። ሽሮ በሚኒባስ ልኬልሃለሁ፣ ዕቃውን መልስ፣ ስልክህንም አንሳ።