ሰኢድ፣ የድሮ ጥያቄህን ልመልስልህ

ሰላም ሰኢድ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ደሴም ያው ናት፤ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ነው የሚያረፍደው። አንተም አልደወልክ፣ እኔም አልደወልኩ። ተቻችለን እንለፈው።

ድሮ ኮምቦልቻ አብረን ስንሠራ የጠየቅከኝ ነገር ነበር፤ «አንድ ስዊች አንድን ቪዲዮ ለ40 ስክሪን ሲያባዛ አይታነቅም ወይ?» ብለህ። ስዊች ያው የኔትወርክ ኬብሎቹን ሁሉ የሚያገናኘው ሳጥን ነው። ሰሞኑን እዚህ ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ በየክፍሉ ቴሌቪዥን በኔትወርክ ስናስገባ ትዝ አለኝ።

አብሽር፣ አይታነቅም። ፓኬቱን፣ ማለትም የቪዲዮውን ቁራጭ ዳታ፣ 40 ጊዜ እየገለበጠ አያስቀምጥማ! ብዙዎቹ ስዊቾች በጋራ ሜሞሪያቸው ላይ አንዴ ብቻ ይጽፉታል። በየፖርቱ (በየኬብሉ መሰኪያ) ወረፋ የሚይዘው «ፓኬቱ እዚህ ቦታ አለ» የሚል ትንሽ ጠቋሚ ነው። ፖርቱ ተራው ሲደርስ ከዚያው ቦታ አንብቦ ይልካል። ቺፑ ስንት ፖርት እንደቀረ ይቆጥራል፤ የመጨረሻው ሲልክ ቦታው ነፃ ይሆናል።

ሲፒዩውም በየፓኬቱ አይደክምም። እሱ የትኛው ቡድን (ቻናል) ወደ የትኞቹ ፖርቶች እንደሚሄድ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ይሞላና ዞር ይላል። ከዚያ በኋላ ቺፑ ራሱ ላኪውንና የቡድኑን አድራሻ ይፈልጋል፣ የፖርቶቹን ዝርዝር ያገኛል፣ ይልካል። ከቪላን (በስዊቹ ላይ ተለይቶ ከተከፈለ ኔትወርክ) ወደ ቪላን የሚሻገር ከሆነ ደግሞ አንድ ፍተሻ አለ፤ ፓኬቱ የገባው ወደ ላኪው በሚወስደው መንገድ በኩል ነው? ካልሆነ ይጣላል፤ አለዚያ እየዞረ ኔትወርኩን ይበላዋል። ችግሩ ሰንጠረዡ ጠባብ ነው። ሲሞላ አንዳንዱ ስዊች ትርፉን ወደ ሲፒዩው ይገፋል። አንተ የፈራኸው መታነቅ ያኔ ይመጣል።

አድራሻ አመራረጥ ላይም ተጠንቀቅ። የማልቲካስት (አንዱ ለብዙዎች የሚልክበት የቡድን) አድራሻ ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ነው። ከዚያ ውስጥ 28 ቢት ይለያያል፣ ወደ ማክ አድራሻ (ስዊቹ ፓኬት ወደሚለይበት የሃርድዌር አድራሻ) የሚገባው ግን 23ቱ ብቻ ነው። ስለዚህ 32 ቡድኖች አንድ ማክ ይጋራሉ። ለቻናል 239.0.0.5 ብትሰጥ ከ224.0.0.5 ጋር ማክ ተጋራ ማለት ነው። በ224.0.0 የሚጀምሩትን ደግሞ ስዊች ለሁሉም ፖርት ነው የሚያስተላልፈው። በማክ ብቻ የሚለይ ስዊች ከሆነ ቻናልህ ማንም ሳይጠይቀው ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል።

ሆቴሉ ላይ ያስለፋን ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ቀጥ! ሻጩ «ስዊቹን ቀይሩት» አለ። እሱ ምን ቸገረው፣ ሌላ ሊሸጥ ነው። ስዊቹ ምንም አልሆነም፤ የጠፋው ጠያቂ ነበር። አይጂኤምፒ በሚባለው የቡድን አባላት መመዝገቢያ ደንብ ላይ አንድ ጠያቂ በየ125 ሰከንዱ «ይህን ቡድን የሚከታተል አለ?» ይላል፣ ቴሌቪዥኖቹም እድር ላይ ስም ሲጠራ እንደሚባለው «አለሁ» ይላሉ። ስዊቹ ያንን አድምጦ ነው ዝርዝሩን የሚይዘው፤ ማዳመጡ ስኑፒንግ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው ራውተሩ ነው፤ እዚያ ቪላን ላይ ግን ማልቲካስት የሚያውቅ ራውተር አልነበረም። ጠያቂ ከሌለ መላሽ የለም፤ 260 ሰከንድ ሲያልፍ ፖርቱ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ኩዌሪየሩን (ጠያቂውን) ዋናው ስዊች ላይ አበራነው፣ አለቀ።

አንዳንዱ ስኑፒንጉን አጥፍቶ ይገላገላል። ሥዕሉማ ይመጣል፤ ግን ሁሉም ቻናል ወደ ሁሉም ክፍል ይፈስሳል፣ ዋይፋዩም አብሮ ይሞታል። እኔ ይሄን ጥገና አልለውም።

በሚቀጥለው ወር ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ የካሜራ ሥራ ልጀምር ነው። ካሜራዎቹ ብዙ ናቸው፣ ስዊቹንም ገና አልገዛንም። እናንተ ጋ ያለው ስዊች ሰንጠረዥ ስንት ቡድን ይይዛል? አይተህ ጻፍልኝ። ከቻልክ ደግሞ ራስህ ና፣ ሁለተኛ እጅ ያስፈልገኛል።

ወንድምህ ከደሴ