የልጆች መጽሐፍ ሲወጣ ማን ይንገረን?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። የመጻሕፍት ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። ልብ ወለድ ሲወጣ፣ ግለ ታሪክ ሲታተም፣ የግጥም መድበል ሲመረቅ ትነግሩናላችሁ። ስለ ልጆች መጽሐፍ ግን አንድም ቀን ስትጽፉ አላየሁም። ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ለክፍላችን የንባብ ጥግ መጽሐፍ የምገዛውም እኔው ነኝ። ነገሩ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ባለፈው ወር ለገሐር ወርጄ ስድስት መጽሐፍ ገዛሁ። የሁሉም ሽፋን ያምራል። ሰኞ ጠዋት አንዱን ለአንዲት ተማሪዬ ሰጠኋት። ታሪኩ አያትና የልጅ ልጅ ጎጆ ውስጥ እሳት እየሞቁ ሲጨዋወቱ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ግን ጣሪያው በረዶ የለበሰ የፈረንጅ ቤት ነው። ልጅቷ ጽሑፉን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሥዕሉን በጣቷ ነካ አድርጋ «ቲቸር፣ ጎጆው የታለ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እዚያው መጽሐፍ ላይ አንዱ ገጽ «ጸሐይ» ይላል፣ ሌላው ገጽ «ፀሀይ»። ለእኛ ለትልልቆቹ ሁለቱም ያው ነው። 231ዱን ፊደል ቆጥራ ገና የጨረሰች ልጅ ግን አንዱ ስህተት ነው ብላ ታስባለች። የተሳሳተችው እሷ ይመስላታል።

ሌላም ነገር አለ፤ ማጥበቅና ማላላት። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ዋና» የሚለው ቃል ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ነው ወይስ ዋናው ነገር? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ገና ያልደረሰው? «አበበ ይመታል» ሲል አበበ መቺ ነው ተመቺ? ትልቅ ሰው ዓረፍተ ነገሩን በዓይኑ ቀድሞ ስለሚጨርሰው አይቸገርም። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። ጎበዝ የልጆች ደራሲ ይህን ያውቃል። ቃሉ ከመድረሱ በፊት ፍንጭ ያስቀምጥለታል፣ ወይም ሥዕሉ እንዲናገር ያደርጋል። ይህን ያሰበበትን መጽሐፍ ካላሰበበት መለየት ሙያ ነው። ወላጅ ሱቅ ቆሞ በሁለት ደቂቃ ሊያየው አይችልም።

ከስድስቱ አንዱ ግን ደስ አሰኝቶኛል። ባጃጅ ላይ ዘልላ ስለተሳፈረች ፍየል ነው። በገጽ ሁለት መስመር፣ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ባጃጁም የምናውቀው ሰማያዊና ነጭ ባጃጅ። አራት ልጆች ተደራርበው ያነቡታል፣ ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው። ገጾቹ ስለተገነጣጠሉ በመርፌና በክር ሰፋሁት። አዟሪው ከሥር ጎትቶ ባያሳየኝ ኖሮ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አንድ ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሃያ መስመር ጽፎ ቢሆን ስንት ቤት ይገባ ነበር!

ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ሰው ወደዚያ በሄደ ቁጥር «ለልጆቹ የአማርኛ መጽሐፍ ላኪልኝ፣ ግን ጥሩውን» ይለኛል። ችግሩ የቆየ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጥተዋል። በኋላ ራሳቸው መጽሐፍ አሳተሙ። አገር ቤት ገብተውም ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስጭነው ልጆቹ ዘንድ አደረሱ። ያኔ መጽሐፉ አልነበረም። ዛሬ አለ፤ የጠፋው የሚመርጥልን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በሳምንት አንዲት ጥግ ስጡን። የምረቃ ዜና አልጠየቅኩም። ጥጓን የሚጽፈው ሰው መጀመሪያ መጽሐፉን ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብብ። ልጁ የት እንደሳቀ፣ የት እንደተደናቀፈ፣ የቱ ገጽ ላይ ትቶት እንደተነሳ ይጻፍልን። ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን፣ ዋጋውን፣ የፊደሉን መጠን ይንገረን። የሠዓሊውም ስም ይጠራ። መጽሐፉ ደካማ ከሆነም በግልጽ ይባል። «ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» እያለ በምክር የሚያልቅ መጽሐፍ በዝቶብናል። ተማሪዎቼ ያቺን ገጽ ሲያዩ ነው የሚዘጉት።

አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸውንም አትርሱብኝ። ተረቱ አንሷቸዋል፣ የአዋቂው ልብ ወለድ ደግሞ ገና ነው። መሃል ላይ የሚያነቡት ሲያጡ ስልካቸው ላይ ይቀራሉ። ለእነሱ የሚሆን አንድ መጽሐፍ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት።

መጽሐፉን ከየት እናምጣ እንዳትሉኝ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም የልጆች ክፍል አለው። የፍየሏን መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጂ እያፈላለግኩ ነው። ሳገኝ ራሴ ቢሯችሁ ድረስ አመጣላችኋለሁ። በእሱ ጀምሩ።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት
ከአዲስ አበባ