ማጣበቂያ ለጀማሪ ይቀላል መባሉ ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ቤት አሠራር በምታወጡት ዓምድ ላይ፣ የጣውላ ወለል በገዛ እጁ ለመሥራት የሚነሣ ጀማሪ ጣውላውን በሲሚንቶው ላይ በማጣበቂያ ቢለጥፈው ሥራው እንደሚቀልለት የሚመክር ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ በብዙ ጎኑ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ይህ ምክር ቢያንስ ወሎ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ጉዳቱ ስለሚያመዝን መልስ ልሰጥበት ወድጃለሁ። አናጺ ሳልሆን ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ሆኖም ደሴ፣ ሆጤ በሚገኘው ቤቴ ሁለት ክፍሎችን በሁለት የተለያየ ዘዴ ራሴ ስለሠራሁ ልዩነቱን በየቀኑ እየረገጥሁት ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል ያጣበቅሁት በሰኔ ወር ነበር። ሲሚንቶው ከፈሰሰ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ላዩ ነጥቶና ደርቆ ስለታየኝ፣ ማጣበቂያውን የሸጠልኝም ሰው «ጋሼ፣ ከነገ ወዲያ ሶፋዎን ማስገባት ይችላሉ» ስላለኝ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ነሐሴ ሲጋመስ የእያንዳንዱ ጣውላ ሁለት ጠርዝ ወደ ላይ ተነሥቶ መሃሉ ጎደጎደ፤ የልጅ ልጄ ብዩን ሲለቀው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል እንደ ቦይ ውሃ ጣውላውን ተከትሎ ግድግዳው ድረስ ይሄድለት ነበር። እርሱ ተደሰተ። እኔ ግን ጥር ላይ ላነሣው ብዬ በብረት ስፈነቅለው፣ ጣውላው የሲሚንቶውን ቆዳ ገሽልጦ በሁለት በሦስት እየተሰነጠቀ ወጣ፤ ከዚያ ክፍል ለማገዶ እንጂ ለሌላ የሚሆን እንጨት አልተረፈኝም።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ጣውላውን ያጎደጎደው ውስጡ ካልደረቀው ሲሚንቶ የወጣ እርጥበት ነበር። ሲሚንቶ የሚደርቀው ከላይ ወደ ታች ሲሆን፣ አየሩ ከተመቸው የመጀመሪያዎቹ 5 ሳንቲ ሜትሮች በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርቃሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ከዚህም ይዘገያል። ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል አምስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ጉም ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በልጉም ክረምቱም ይዘንብባታል። ለማጣበቅ የቆረጠ ሰው ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ በሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ አንድ ሙሉ ቀን ያቆየው። ከሥሩ ጤዛ ካዘለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ማጣበቂያውን አይክፈት፤ ምንም ባይታይ እንኳ ከላይ እንጂ ከውስጥ ለመድረቁ ማረጋገጫ አይሆንም።

ሳይጣበቅና በሚስማር ሳይመታ፣ እርስ በርሱ ብቻ ተያይዞ የሚነጠፈው ዘዴ በፋብሪካ ስስ እንጨት ተደራርቦ ለሚሠራ ወለል የተዘጋጀ ስለሆነ ብዙ አልልበትም፤ ለድፍን ጣውላ እምብዛም አይመችም። ድፍን እንጨት በርዝመቱ እምብዛም ባይለወጥም በስፋቱ ይነፋል፣ ይኮማተራልም፤ በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ የእንጨቱ እርጥበት በ3 በመቶ ብቻ ቢለዋወጥ፣ የጣውላዎቹ ለውጥ ሲደመር ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ሊጠጋ ይችላል።

ሁለተኛውን ክፍል የሠራሁት እንደ አያቶቻችን በሞራሌ፣ ማለትም ከጣውላው ሥር በሚደረደር ወፍራም የእንጨት ዘንግ ላይ ነው። ሲሚንቶው ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አነጠፍሁ፤ ሞራሌዎቹን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ደርድሬ፣ በውሃ ልክ እየለካሁ፣ ዝቅ ያለውን በሽብልቅ አስተካከልሁ። ጀማሪን የሚታደገው እዚህ ላይ ነው፤ የተጣመመውን ሲሚንቶ መልሶ ማፍሰስ አያስፈልግም፣ የተሳሳተ ሚስማርም ይነቀላል። ጣውላው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። ሚስማሩን የምመታው ከላይ ሳይሆን እንደ ምላስ ወጣ ባለው በወንዴው ጠርዝ በኩል አጋድሜ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ጣውላ የተቦረቦረ ሴቴ ጠርዝ ገብቶ ይሸፍነዋል። ጠርዙ እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በቀጭን መብሻ መብሳት ይገባል፤ ይህን በትዕግሥት ማጣት የዘለልሁባቸው ሦስት ጣውላዎች ዛሬም ከአልጋው ሥር ተደብቀዋል። ከግድግዳው ጋር ዙሪያውን 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውሁ፤ ክፍተቱን የሚሸፍነው ዞኮሎም የተመታው ከግድግዳው ጋር ብቻ ነው፤ ከወለሉ ጋር ቢመታ እንጨቱ እንዳይንቀሳቀስ ያንቀዋል።

እንጨቱን በተመለከተ፣ የተጠቀምሁት ከኮምቦልቻ የገዛሁትን ባሕር ዛፍ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች፣ እዚያ የተሰነጠቀ ጣውላ የደሴን አየር ሳይለምድ ሊመታ አይገባውም። ጣውላዎቹን በሚነጠፉበት ክፍል ውስጥ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባሁ ከመርኩ፤ አንድ ክንድ ያህል ቁራጭ ደግሞ በየሳምንቱ ጎረቤቴ ወዳለው ሱቅ እየወሰድሁ አስመዝን ነበር። ባለሱቁ «ዛሬስ ምን ያህል ከሳ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ሚዛኑ ከቀደመው ሳምንት አልነቃነቅ ሲል ሥራውን ጀመርሁ።

ይህ ዘዴም ነውር የለበትም አልልም። ወለሉን 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ስላነሣው በሩን ከሥሩ ማስቆረጥ ነበረብኝ፤ ሲራመዱበት ድምፁ ጎላ ይላል፤ ዳር ዳሩ በደንብ ካልተዘጋ ደግሞ አይጥ ከሥሩ ትገባለች። በቆላው በኩል ያሉ ሰዎች ምስጥንም ማሰብ አለባቸው፤ አንዳንዶች ለዚህ ሲሉ ሞራሌውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ለአጥር እንጂ ሰው ለሚተኛበት ክፍል ሽታው አይቻልም። እንዲህም ሆኖ ክፍሉ ሦስት ክረምት አልፎበት አንድም ጣውላ ጠርዙን አላነሣም።

ስለዚህ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በሚቀጥለው እትም፣ በማጣበቂያ መለጠፍ የሚመከረው የሲሚንቶው መድረቅ ለተረጋገጠበት ወለል ብቻ መሆኑን እንዲያስታውቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቢወጣ ደግሞ ሰኔ ላይ ማጣበቂያ ለመግዛት ላሰበ ሰው ይደርስለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደሴ