የሚዲያ ክበብ ዘገባ፦ የጠፋችው ሰዓት

የክበባችን ዓመት የጀመረው በስሕተት ነው። ስሕተቱም የእኔው ነው። ለመጀመሪያው የግድግዳ ጋዜጣ «የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች» የሚል ርእስ መረጥን። ልጆቹ ፎቶ ለቃቅመው መጡ፤ ላባ፣ ፈረስ፣ ድንኳን፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። እኔም ከላይ በትልቁ «የነበረ ባህል» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለት ሳምንት ከተሰቀለ በኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ ሰዎቹ እኮ አሁንም አሉ» አለችኝ። የዚያኑ ቀን አወረድነው።

የቀረውን መንፈቀ ዓመት አንድ ፎቶ ወሰደብን። ኤድዋርድ ከርቲስ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1910 ፒገን የተባሉ ነባር ሕዝቦች አንድ ድንኳን ውስጥ ያነሳው ነው፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያየነው በመጽሐፍ ታትሞ የወጣውን ነበር። ከዚያ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል ያስቀመጠውን፣ ያልተነካካውን ከፈትን። በሁለቱ ሰዎች መካከል የደወል ሰዓት ቁጭ ብላለች! ለኅትመቱ ተፍቃ ጠፍታለች። ባለ ሰዓት ድንኳን «ጥንታዊ» አይመስልማ። ልጆቹ ስልክ እየተቀባበሉ፣ ምስሉን በሁለት ጣት እየለጠጡ ሲፈልጓት ደወሉን እንኳ አልሰሙም። «ያኔም ፎቶሾፕ ነበር እንዴ?» ያለኝን ልጅ አልረሳውም። እኔ የለጠፍኩት ርእስስ ከዚያ በምን ይሻላል?

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በክርክር አለቀ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሙዚየሞች የነባር ሕዝቦችን አጽምና ቅዱሳት ዕቃዎች ለባለቤቶቹ የመመለስ ግዴታ አለባቸው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ደንቡ ጠበቀ፤ ለእይታ ለማቅረብም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆነ። ኒው ዮርክ ያለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወዲያው ሁለት አዳራሾቹን ዘጋ። ከክበቡ ግማሹ አጨበጨበ። ሌላው ግማሽ «ካልታየ ታዲያ እንዴት እንማር?» አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔም ለማስታረቅ አልሞከርኩም።

ይልቅ ሙኩርቱን አሳየኋቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ከዋሩሙንጉ ማኅበረሰብ ጋር የተጀመረ የዲጂታል መዝገብ ነው። ቃሉ በዋሩሙንጉ ቋንቋ የከረጢት ስም ነው፤ ሽማግሌዎች ቅዱስ ዕቃ የሚያስቀምጡበት፣ ማየት የፈለገ ቀርቦ የሚጠይቅበት። መዝገቡም እንደዚያው ይሠራል። ማን የቱን ፎቶ ማየት እንደሚችል የሚወስነው ማኅበረሰቡ ነው። ለሴቶች ብቻ የሚከፈት አለ፣ ለወንዶች ብቻ የሚከፈት አለ፣ ሰው ሲሞት ምስሉን የሚመለከት ደንብም አለ። ሁሉን ነገር ፖስት ማድረግ ለለመዱ ልጆች ይህ ትንሽ ከበዳቸው። «ፓስወርዱን የያዙት ሽማግሌዎቹ ናቸው በሉት» ብላ አንዷ ገላገለችን።

የዓመቱ የመጨረሻ ጋዜጣችን ግንቦት ላይ ተሰቀለ። ሁለቱ የከርቲስ ፎቶዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰዓቷ በቀይ ተከባለች። ከአጠገባቸው አንድ ባዶ ፍሬም አለ፤ ከሥሩ «ፈቃድ አልጠየቅንም» የሚል ጽሑፍ። ሐሳቡ የልጆቹ ነው፣ እኔ ምስማሩን ብቻ ነው የመታሁት። በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችን ፎቶው የወደቀ መስሏቸው ከወንበሮቹ ሥር ሲፈልጉ አገኘናቸው።